ተርፈናዲንና የልብ ምት፦ የአንዲት ታማሚ ጉዳይ

መድኃኒት አደገኛ የልብ ምት መዛባት የሚያስከትለው ምን ያህል ጊዜ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከባለሙያው አፍ ቀድሞ የሚወጣው መልስ «እጅግ አልፎ አልፎ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ይሁንና በማን ላይ፣ በምን መጠን፣ ከየትኛው ሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የሚለው ካልተጨመረበት ለሐኪሙም ሆነ ለታማሚው ብዙም አይፈይድም። ይህን አጉልተው ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ቤቴስዳ ውስጥ የነበሩ ሐኪሞች በ1990 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያሳተሙት የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ታማሚዋ የ39 ዓመት ሴት ነበረች። ሆስፒታል ከመግባቷ 10 ቀን በፊት ሁለት መድኃኒቶች ታዝዘውላት ነበር፤ አንደኛው ለአለርጂ የሚሰጠው ተርፈናዲን ሲሆን መጠኑ 60 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሴፋክሎር የተባለ አንቲባዮቲክ ሆኖ መጠኑ 250 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነበር። ከእነዚህ ሌላ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ የሆርሞን መድኃኒት በቀን 2.5 ሚሊግራም ትወስድ ነበር። ተርፈናዲኑን በጀመረች በስምንተኛው ቀን የብልት ፈንገስ ስላስቸገራት ሐኪም ሳታማክር ኬቶኮናዞል 200 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ መዋጥ ጀመረች። አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሴቶች በፈንገስ መቸገራቸው የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ አራቱ መድኃኒቶች በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ መገናኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። ማንኛውም ፋርማሲ በየሳምንቱ የሚያየው ዓይነት ስብስብ ነው።

ወደ ሆስፒታል ያመጣት ለሁለት ቀን ያህል መለስ ቀለስ ሲል የቆየ ጭው የማለትና ራስን የመሳት ችግር ነው። ተኝታ በሞኒተር ክትትል እንዲደረግላት ሲደረግ ኪውቲ የሚባለው፣ ለልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ልኬት 655 ሚሊሰከንድ ሆኖ ተገኘ። በአዋቂ ሴት ላይ ይህ ቁጥር ከ460 ገደማ ማለፍ የለበትም፤ 500ን ሲሻገር ሐኪም በቸልታ የሚያልፈው ነገር አይሆንም። እዚያው ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ራሷን ልትስት ስትል ሞኒተሩ ላይ ቶርሳድ ደ ፖዋንት የተባለው የልብ ምት መዛባት ታየ። የወሰደችው ተርፈናዲን በማዘዣው ከተጻፈው መጠን አላለፈም።

ይህ ምት ምን እንደሆነ በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል። የልብ ሕዋሳት በየምቱ ኤሌክትሪካቸውን ለቅቀው ለሚቀጥለው ምት እንደገና መሞላት አለባቸው። ኪውቲ ማለት በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚስል ምርመራ) ወረቀት ላይ የታችኛው የልብ ክፍል ኤሌክትሪኩን መልቀቅ ከጀመረበት እስከ ተሞላበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። መሞላቱ የሚከናወነው ፖታሲየም በልዩ ቦዮች በኩል ከሕዋሱ ሲወጣ ነው። ቦዮቹ ከተዘጉ መሞላቱ ይዘገያል፣ ኪውቲ ይረዝማል፣ ገና ያልተሞላ ሕዋስም ያለጊዜው ሊተኩስ ይችላል። ያ ያለጊዜው የመጣ ምት ሌላውን ከቀሰቀሰ ልብ በደቂቃ ከ200 በላይ ሊመታ፣ ደም ግን በቅጡ ላይረጭ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ሹል መስመሮቹ መጀመሪያ ወደ ላይ ያድጋሉ፣ ቀስ በቀስ ያጥራሉ፣ ከዚያ ወደ ታች ዞረው እንደገና ያድጋሉ፤ ሪባን የተጠማዘዘ ይመስላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ዴሰርቴን በ1966 ይህን ቅርጽ በማየት ነበር ስሙን ያወጣለት። ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ታማሚውም ወድቆ ይነሣል። ሳይቆም ሲቀር ግን የታችኛው የልብ ክፍል ወደ መንቀጥቀጥ ይሸጋገርና ሞት ይከተላል። ወድቆ የተነሣ ሰው በእኛም አገር ሆነ በሌላ «ምግብ ሳትበላ ቀርተህ ነው»፣ «ደም ማነስ ይሆናል» ተብሎ ወደ ቤቱ መላኩ የተለመደ ነው፤ ቆሞ በሚገኝበት ሰዓት ምቱ ደኅና ስለሚሆን ኢሲጂ ተነሥቶ ኪውቲው በጥንቃቄ ካልተለካ በቀር የሚያጋልጠው ነገር የለም።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ተርፈናዲን በአሜሪካ በ1985 ሴልዴን በሚል የንግድ ስም ሲፈቀድ፣ እንቅልፍ የማያመጣ የመጀመሪያው የአለርጂ መድኃኒት ሆኖ ነበር የገባው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሰውን ያፈዝዙ ስለነበር ሾፌሩም ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም በደስታ ተቀበለው፤ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወስደውታል። አፍንጫን ለሚያስነጥስ፣ ዓይንን ለሚያሳክክ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የልብ ምትን ለማስተካከል የሚሰጥ መድኃኒት ልብን ሊያዛባ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ ኪኒዲን የሚወስዱ ታማሚዎች ድንገት ራሳቸውን የሚስቱት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በ1964 ተጽፏል። ለንፍጥና ለማስነጠስ ከሚታዘዝ ክኒን ግን ይህን የጠበቀ አልነበረም።

የታማሚዋ ደም ሲመረመር መልሱ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ተርፈናዲን ሲውጥ መድኃኒቱ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ሲያልፍ ሳይፕ 3ኤ4 የተባለው ኢንዛይም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለውጦ ወደ ሌላ ውህድ ያደርሰዋል። አንጀትና ጉበት እዚህ ላይ እንደ ኬላ ናቸው፤ ተርፈናዲን ራሱ አልፎ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። አለርጂውን የሚያስታግሰው ተለውጦ የሚወጣው ውህድ ነው፤ ይህ ውህድ ደግሞ የልብን የፖታሲየም ቦይ አይዘጋም። በሴትዮዋ ደም ውስጥ ግን ነገሩ ተገላብጦ ነበር፤ ያልተለወጠው ተርፈናዲን ከልክ በላይ ተከማችቶ፣ የተለወጠው ደግሞ በአንጻሩ አንሶ ተገኘ። ኬቶኮናዞል ሳይፕ 3ኤ4ን ከሚያግዱት መድኃኒቶች መካከል ከኃይለኞቹ አንዱ ነው። ኬላው ሲዘጋ ለወትሮው የማያልፈው አለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ነገር አለ። እነዚያ ሚሊዮኖች በደኅና የኖሩት ተርፈናዲን ለልብ የማይጎዳ ስለሆነ ሳይሆን ተርፈናዲን ልባቸው ስላልደረሰ ነው። በየዓመቱ የሚሰበሰበው «ደኅንነቱ የተረጋገጠ» የሚያሰኘው ማስረጃ ሁሉ በእውነቱ የሚመሰክረው ስለ ጉበት ሥራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ይህን አጠናክረውታል። በ1993 በዚያው መጽሔት ላይ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንዱ ተርፈናዲን በልብ ሕዋስ ላይ ያለውን የፖታሲየም ፍሰት እንደ ኪኒዲን እንደሚዘጋ፣ የተለወጠው ውህድ ግን እንደማይዘጋ አሳየ። ሁለተኛው ደግሞ ስድስት ጤነኛ ፈቃደኞችን ተርፈናዲን ብቻውን ካስለመዳቸው በኋላ ኬቶኮናዞል ጨመረላቸው። በስድስቱም ደም ውስጥ ያልተለወጠ ተርፈናዲን ተገኘ፣ የስድስቱም ኪውቲ ረዘመ፤ ጭማሪው በአማካይ 82 ሚሊሰከንድ ነበር። የታሰበውን የጥምር ሕክምና ቀን ሙሉ በሙሉ የጨረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የአራቱ በኢሲጂ ላይ በታየው ለውጥ ምክንያት እንዲያጥር ተደረገ።

እንግዲህ «ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ መልሶች አሉት ማለት ነው። ታሕቱ፣ ማለትም የምናካፍልበት ቁጥር፣ ተርፈናዲን የወሰዱ ሰዎች ሁሉ ከሆኑ፣ አደጋው ከአሥር ሺሕዎች ምናልባትም ከመቶ ሺሕዎች አንድ ዓይነት ብርቅዬ ነገር ይመስላል። ታሕቱ ተርፈናዲንን ከኬቶኮናዞል ጋር የወሰዱ ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ የኪውቲ መርዘም ከስድስት ስድስት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የተገኘው ሁለተኛውን በብዙ ሚሊዮን ሰው ላይ በማቅጠን ነው። በእኔ ግምት በመድኃኒት ደኅንነት ላይ ከሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚበላሹት ይህን ባለመለየት ነው፤ አንዱ ወገን ስለ ጠቅላላው ሕዝብ ይናገራል፣ ሌላው ስለ አንድ የተወሰነ ታማሚ፣ ሁለቱም አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል።

መድኃኒቱ ሲፈቀድ ይህ ሳይታይ የቀረው በስንፍና ብቻ አይደለም። ከ10,000 ሰዎች በአንዱ ላይ የሚደርስን ጉዳት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማየት በ95 ከመቶ እርግጠኝነት 30,000 ሰው መመርመር ያስፈልጋል፤ ከፈቃድ በፊት የሚደረጉ ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚያሳትፉት ጥቂት ሺሕ ሰዎችን ነው። እነዚያም ቢሆኑ ተመርጠው የገቡ ናቸው፤ ጉበቱ የታመመ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ፣ ልቡ የደከመ አይገባም። መድኃኒቱ ገበያ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሪፖርቱ የሚመጣው ሐኪም ጠርጥሮ ሲጽፍ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ድንገት የሞተ ሰው ኢሲጂ አይኖረውም፤ የሞቱ ምክንያትም «የልብ ድካም» ተብሎ ያልፋል። የቤቴስዳዋን ታማሚ ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ምቱ በተዛባበት ሰዓት ሞኒተር ላይ መሆኗ፣ ደሟ መለካቱ፣ የዋጠችውም ሁሉ በዝርዝር መመዝገቡ ነው። ከዚያ በፊት ተርፈናዲን ከመጠን በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባት ታይቶ ነበር፤ በተለመደው መጠን ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ትርጉም ያዘ።

የቁጥጥሩ ታሪክ ረዘም ይላል፤ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1990 ለሐኪሞች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተላከ። በሐምሌ 1992 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሣጥን የሚባለውን፣ ከማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ጠንካራውን አስገባ። ከዚያ በኋላም ተርፈናዲን ከኬቶኮናዞልና ኤሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር መታዘዙ፣ ከአንድ ፋርማሲ በአንድ ቀን መውጣቱ ጭምር አልቆመም። በሐምሌ 1996 ተለውጦ የሚወጣው ውህድ ራሱ ፌክሶፈናዲን ተብሎ፣ በንግድ ስሙ አሌግራ፣ ተፈቀደ። አስተዳደሩም ተመሳሳይ ጥቅም ያለው፣ ልብን የማይነካ አማራጭ ስለተገኘ ተርፈናዲንን ከገበያ ለማስወጣት ማሰቡን በጥር 1997 አስታወቀ፤ በ1998 መጀመሪያም ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከደብዳቤው እስከ መውጣቱ ሰባት ዓመት ያህል ማለፉን አንዳንዶች እንደ ቸልተኝነት ይቆጥሩታል። ለእኔ ግን የባሰው ነገር በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሸክሙ በሙሉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላይ መጣሉ ነው። ታማሚዋ ኬቶኮናዞሉን የጀመረችው ማንንም ሳታማክር ነበር፤ ለሐኪም የተላከ ደብዳቤ እርሷ ዘንድ አይደርስም።

ሌሎችም ተከትለው ወጡ። አስቴሚዞል የተባለው ሌላው የአለርጂ መድኃኒት በ1999 ቀረ፤ ግሬፓፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም በዚያው ዓመት። ለቃር ይታዘዝ የነበረው ሲሳፕራይድ በ2000 እስኪገደብ ድረስ 341 የልብ ምት መዛባት ሪፖርቶች ደርሰውበት ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 80ዎቹ ሞት ነበሩ። በርካታዎቹ እንደ ተርፈናዲን የሚለወጡት በሳይፕ 3ኤ4 ሲሆን የሚዘጉትም ያንኑ ሄርግ የሚባለውን የፖታሲየም ቦይ ነው። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በዚህ ቦይ ላይ የሚፈተነው፣ ከ2005 ጀምሮም በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የኪውቲ ጥናት የሚደረግበት፣ በእነዚህ ጉዳዮች ምክንያት ነው።

አሁን በገበያ ላይ ስላሉት መድኃኒቶች የምናውቃቸው ቁጥሮችም ያንኑ መልክ ይዘዋል። ሶታሎል የልብ ምትን ለማስተካከል የሚሰጥ ሲሆን በፈቃድ ሰነዱ ላይ የሰፈረው የቶርሳድ ደ ፖዋንት መጠን በቀን 160 ሚሊግራም ለሚወስዱት 0.5 ከመቶ፣ በ320 ሚሊግራም 1.6 ከመቶ፣ በ480 ሚሊግራም ደግሞ 4.4 ከመቶ ነው። በመቶኛ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ስለዚህም ታማሚው ሕክምናውን ሆስፒታል ተኝቶ እንዲጀምር ይደረጋል። አንቲባዮቲኮች በሌላው ዳር ናቸው። በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ተሠርቶ በ2012 በታተመ ጥናት አዚትሮማይሲን ለአምስት ቀን ከወሰዱ አንድ ሚሊዮን ሰዎች መካከል አሞክሲሲሊን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ተጨማሪ 47 የልብና የደም ሥር ሞት ተገምቷል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የልብ አደጋ ከሚበዛባቸው አንድ አሥረኛ ታማሚዎች ዘንድ ቁጥሩ ወደ 245 ይወጣል። በዚያው ግዛት በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ ኤሪትሮማይሲን የሚወስዱ ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሞት በእጥፍ እንደጨመረ፣ ሳይፕ 3ኤ4ን በኃይል የሚያግዱ መድኃኒቶችን አብረው ሲወስዱ ግን አምስት እጥፍ እንደደረሰ አሳይቷል። የቤቴስዳው ጉዳይ በሌላ ስም ተደገመ ማለት ነው።

አደጋውን የሚያበዙት ነገሮች የታወቁ ናቸው። በመድኃኒት ምክንያት ቶርሳድ ደ ፖዋንት ከሚደርስባቸው ሰዎች ከሦስት ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ የሴት ኪውቲ ከጉርምስና በኋላ በተፈጥሮው ረዘም ያለ ነው። በተቅማጥ፣ በማስታወክ ወይም ሽንት በሚያበዛ ክኒን ምክንያት ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያነሰበት ሰው፣ ልቡ ቀስ ብሎ የሚመታ፣ የልብ ድካም ያለበት፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ፣ በዘር ኪውቲው የሚረዝም ሰው በእያንዳንዱ ምክንያት አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ይጠጋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን የሚጥለው ጥቂቱን ነው፤ ሁለትና ሦስቱ ሲገጥሙ ነው ነገር የሚበላሸው። ሕክምናው ደግሞ ከምክንያቱ አንጻር ቀላል ነው፤ ጥፋተኛው መድኃኒት ይቆማል፣ ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ይሰጣል፣ ፖታሲየም ይስተካከላል፣ አስፈላጊ ከሆነም ልብ በፔስሜከር ፈጠን ብሎ እንዲመታ ይደረጋል። እዚህ ድረስ ለመምጣት ግን አስቀድሞ ኪውቲን መለካት ግድ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በግልጽ የሚታየው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በሚታከምበት ቦታ ነው። ቤዳኩዊሊን፣ ሞክሲፍሎክሳሲንና ክሎፋዚሚን እያንዳንዳቸው ኪውቲን ያስረዝማሉ፤ በአንድ ታማሚ ላይ ግን አብረው ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ሕመሙ ራሱ ገዳይ ነውና። ስለዚህ ሕክምናው ሳይጀመር ኢሲጂ ይነሣል፣ በሕክምናው ሂደትም ይደጋገማል፣ ከ500 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ሐኪሙ የቱን መድኃኒት እንደሚያቆም ይወስናል። ይህ ሥርዓት ያለው ክፍል ነው። ሥርዓት የሌለው በየመንደሩ ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚሆነው ነው፦ ለወባ የታዘዘለት ክሎሮኪን በእጁ ያለ ሰው ለሳሉ ኤሪትሮማይሲን ሲጠይቅ፣ ወይም ከሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ታማሚ ለተቅማጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲገዛ፣ ባለሙያው «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ካላለ ኪውቲን ሊያስረዝሙ የሚችሉት ሁለቱ መድኃኒቶች የሚገናኙት ማንም በማያይበት ቦታ ነው። መድኃኒቶቹ ከሁለት የተለያዩ ቤቶች ስለተገዙ ሁለቱም መዝገቦች ንጹሕ ናቸው። እንዲህ ያለ ታማሚ ወድቆ ሆስፒታል ከመጣ የተነሣው ኢሲጂ ሳይጣል ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር፣ ከመጠናቸውና ከተጀመሩበት ቀን ጋር ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚላከው የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ላይ ቢሰፍር፣ የቤቴስዳ ሐኪሞች ከአንዲት ታማሚ የሰበሰቡትን ያህል ቁም ነገር ይይዛል።